የብሪስቶል የገበያ መስቀል ይመለስ ወይስ ባለበት ይቅር?

ኮርን ስትሪት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስቶርሄድ፣ ዊልትሺር ያለው ትልቁ የአትክልት ሥፍራ የሄዳችሁ ሰዎች ፎቶ ለጥፋችሁ አየሁ። ሐይቁ፣ ድልድዩ፣ ከመግቢያው አጠገብ ደግሞ ያ ረጅም የድንጋይ መስቀል። አንዱ ከሥሩ «የአትክልቱ ጌጥ» ብሎ ጽፏል። ኧረ ጌጥ አይደለም! የእኛው ከተማ የገበያ መስቀል ነው። እኔ ወደ ብሪስቶል ይመለስ ባይ ነኝ። ተከራከሩኝ።

ለማታውቁት ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1373 ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ ብሪስቶልን ከግሎስተርሺርና ከሰመርሴት ለይቶ ራሷን የቻለች ካውንቲ፣ ማለትም የአስተዳደር ግዛት አደረጋት። መስቀሉ የቆመው ለዚያ መታሰቢያ ነው። ቦታው ሃይ ስትሪት፣ ብሮድ ስትሪት፣ ዋይን ስትሪትና ኮርን ስትሪት የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነበር። ገበያው በዙሪያው ይውላል፤ አዋጅም እዚያው ይነበባል። እኛ አገር ነጋሪት ተጎስሞ ገበያ መሀል አዋጅ እንደሚነገረው ማለት ነው።

በታችኛው ደርብ አራት ነገሥታት ቆመዋል፤ ጆን፣ ሄንሪ ሦስተኛ፣ ኤድዋርድ ሦስተኛና ኤድዋርድ አራተኛ። በ1633 ቁመቱ ተጨምሮ ሄንሪ ስድስተኛ፣ ኤልሳቤጥ አንደኛ፣ ጀምስ አንደኛና ቻርልስ አንደኛ ከላይ ገቡ። ዛሬ የደበዘዘ ድንጋይ ሆኖ ስታዩት እንዳትሸወዱ። በደጉ ጊዜ ቀለም የተቀባና በወርቅ ያጌጠ ነበር።

ከዚያ በ1733 አጠገቡ የሚኖር አንድ አንጥረኛ አቤቱታ ይዞ ቀረበ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር መስቀሉ ይወዛወዛል፣ ቤቴም ነፍሴም አደጋ ላይ ናቸው አለ። አፈረሱት። ሦስት ዓመት ቆይቶ ነዋሪው አዋጥቶ ካቴድራሉ ፊት ለፊት፣ ኮሌጅ ግሪን የሚባለው የሣር ሜዳ ላይ መልሶ አቆመው። እዚያም አልበረከተም። በ1760ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ወረደ። ምክንያቱን ስሙልኝ፦ ስምንትና አሥር ሆነው ጎን ለጎን ለሚንሸራሸሩ ሰዎች መንገድ ዘጋ ተብሎ ነው!

ድንጋዩ ካቴድራሉ ውስጥ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። በ1764 የካቴድራሉ አለቃ ለባለጸጋው የባንክ ባለቤት ለሄንሪ ሆር ሰጠው። ሆርም በሠረገላ አስጭኖ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስቶርሄድ አትክልቱ ውስጥ ተከለው። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ነው።

ዘአክሱም፦
ከአንተ ጋር ነኝ። የአክሱም ሐውልት በ1937 ሮም ተወሰደ። «ከባድ ነው፣ አይቻልም፣ ይሰበራል» ሲባል ስንት ዘመን ኖረ። 160 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በ2005 በአውሮፕላን ገባ፤ በ2008 ቆመ። ያ ከተቻለ ከዊልትሺር ብሪስቶል ማምጣት ምን ይከብዳል? አንድ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው።

የባዝ ልጅ፦
ወንድሜ፣ የማይገናኘውን አታገናኝ። የአክሱሙን ወራሪ ጦር ነው የወሰደው። ጣሊያን እንድትመልስ በ1947ቱ የሰላም ውል ገብታበት ነበር፤ በውሏ አልተገኘችም። የብሪስቶሉን ማን ወሰደው? ማንም! ራሳቸው ጣሉት፣ ራሳቸው ሰጡት። ተቀባዩ ደግሞ ከኪሱ አውጥቶ ጠግኖ አቆመው። ሆር ባይወስደው ኖሮ ዛሬ የሆነ ቤት መሠረት ውስጥ ተቀብሮ ነበር። አመስጋኝ እንጂ ከሳሽ መሆን የለብንም።

ኮርን ስትሪት፦
እህቴ፣ ስጦታ ያልሽው ላይ ልያዝሽ። ሰጪው ማነው? የካቴድራሉ አለቃ። ኮሌጅ ግሪን ላይ መልሶ ያቆመውስ? የከተማው ሰው፣ በገዛ ገንዘቡ። ታዲያ አለቃው ግቢዬ ውስጥ ተቀምጧል ብሎ የሕዝብ ንብረት ሲሰጥ ማን ፈቀደለት? ዘረፋ አላልኩም። ግን ባለቤቱ ያልሰጠው ስጦታ ነው።

ኤድንበራንም ተመልከቱ። የእነሱም የገበያ መስቀል በ1756 መንገድ ዘጋ ተብሎ ፈረሰ። ዓምዱ ድረም የሚባል የባላባት ግቢ ውስጥ ከረመ። በ1866 ተመለሰ። በ1885 ፖለቲከኛው ግላድስተን ወጪውን ችሎ ዛሬ የምናየውን አሠራ። በመስከረም 2022 ቻርልስ ሦስተኛ ሲነግሥ አዋጁ የተነበበው እዚያው መስቀል ላይ ነው። ቴሌቪዥን ላይ አይታችሁታል። ወደ ቦታው ሲመለስ ሥራውም አብሮት ይመለሳል።

ግንበኛው፦
አንተ ልጅ፣ እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት ከድንጋይ ጋር ነው። ልብ ብለህ ስማኝ። ያረጀ ድንጋይ በተፈታ ቁጥር ጠርዙ ይረግፋል። ኖራው ሲፈለቀቅ ከድንጋዩ ቆዳ ይዞ ይወጣል። ውስጡ የገባው ብረት ከዛገ ደግሞ ጉድ ነው፤ ስታወጣው ድንጋዩን ሰንጥቆት ታገኘዋለህ። ይህ መስቀል ሁለት ጊዜ ፈርሶ ሁለት ጊዜ ተገጥሟል። ዝም ብለህ ጫፎቹን ተመልከት፤ እነዚያ ቀጫጭን ቅርጾች የእጅ ጣት አያክሉም። ሦስተኛ ጊዜ ፈትቼ ልግጠም የሚል ባለሙያ ካለ እጁን ማየት እፈልጋለሁ።

ሌላም አለ። መስቀሉ በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ስቶርሄድ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ንብረት ነው። ትረስቱ ለዘለቄታው እንዲይዘው የታወጀን ንብረት ያለ ፓርላማ ፈቃድ መስጠት አይችልም። «ይመለስ» ማለት ቀላል ነው። ማን ይፈርምልሃል?

ታክሲ ነጂው፦
እኔ ታሪኩን ለእናንተ ትቼ መሬት ያለውን ልናገር። የት ነው የምታቆሙት? ያ መስቀለኛ መንገድ ጠባብ ነው። ጠዋት ዕቃ የሚያራግፉ ቫኖች ይሞሉታል። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከመጠጥ ቤት የሚወጣውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ሰክሮ ንጉሥ ጆን ላይ ቢወጣስ? ስቶርሄድ ሲመሽ በሩ ይዘጋል። እዚህ ማን ይጠብቀዋል?

የባዝ ልጅ፦
ሃሃሃ፣ ንጉሥ ጆን ላይ ይወጣሉ እንጂ!

ፒስ ሆል፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ይቺ ከተማ በሰኔ 2020 የባሪያ ነጋዴውን የኮልስተንን ሐውልት ገንድሳ ወደብ ውስጥ የጣለች ከተማ ናት። መስቀሉ ላይ ኤልሳቤጥ ቆማለች። በ1564 ጆን ሆኪንስ አፍሪካውያንን ሊሸጥ ሲሄድ የራሷን መርከብ ያከራየችው እሷ ናት። ይህን አምጥታችሁ መሀል ከተማ ስታቆሙ ሰው ዝም የሚል ይመስላችኋል? እኔ ራሴ ዝም አልልም።

ኮርን ስትሪት፦
ዝም አትበይ። እንዲያውም እዚህ ቢሆን ነው የሚሻለው። ስቶርሄድ ላይ ኤልሳቤጥን ከአበባ ጋር ፎቶ አንስተን እንሄዳለን። እዚህ ግን ልጆቻችን ይቺ ደግሞ ማናት ብለው ይጠይቃሉ፤ መርከቡም አብሮ ይነገራል።

ታክሲ ነጂው፣ የአንተ ጥያቄ ሁነኛ ነው። ግን ኮርን ስትሪት ላይ፣ ኤክስቼንጅ የሚባለው የድሮ የንግድ አዳራሽ ደጃፍ፣ ነጋዴዎች ድሮ ሒሳብ ይዘጉባቸው የነበሩ አራት የነሐስ ጠረጴዛዎች እስካሁን አሉ አይደል? ሰካራሙም ቱሪስቱም ይደገፍባቸዋል። ምንም አልሆኑም።

ግንበኛው፦
ነሐስና ድንጋይ አንድ አደረግኸው?

መዝገብ፦
ክርክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ዋናውን ነገር የዘለላችሁት ይመስለኛል። ብሪስቶል ሁለተኛ ዕድል አግኝታ ነበር። በ1851 ጆን ኖርተን የሚባል አርክቴክት የመስቀሉን ቅጂ ሠርቶ ኮሌጅ ግሪን ላይ አቆመ። ትልቅ ሥራ ነበር። ከዚያ የንግሥት ቪክቶሪያ የኢዮቤልዩ ሐውልት መጣና ቦታ ልቀቅ ተባለ። ወደ መሀል ገፉት። በ1950 ኮሌጅ ግሪን ዝቅ ብሎ ሲስተካከል ደግሞ እሱንም አፈረሱት። ከላዩ ቁራጭ ተርፎ በርክሌይ ስኩዌር ዛፍ ሥር ቆሟል። በዚያ የምታልፉ ስንቶቻችሁ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ከተማዋ አንድ ሳይሆን ሁለት መስቀል ነው የጣለችው። መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ ሽርሽር፣ ቀጥሎ ንግሥት፣ ቀጥሎ ሣር። ሁልጊዜ ምክንያት አይጠፋም። ሦስተኛ ጊዜ ብንሰጣት ምን ታደርገዋለች? የብስክሌት መንገድ ዘጋ ትላለች።

ዘአክሱም፦
ይሄ መታኝ። ግን የአያት ጥፋት በልጅ ልጅ ይቆጠራል?

መዝገብ፦
አይቆጠርም። በርክሌይ ስኩዌር ያለውን ቁራጭ ግን የምናየው እኛ ነን፤ አያቶቻችን አይደሉም። እኔ የምለው ዋናው ባለበት ይቅር። ቁራጩ ግን የጎደለው ተሠርቶለት ወደ መስቀለኛው መንገድ ይውረድ። የማንም ፊርማ ከሌላ ካውንቲ አያስፈልግም። ሰካራም ቢሰብረውም የ1373ቱ አይደለም።

ታክሲ ነጂው፦
በዚህ እስማማለሁ። ቫኖቹ ግን ይቆጣሉ።

ኮርን ስትሪት፦
እኔ አልተስማማሁም። ቅጂ ቅጂ ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ከተማዋን ካውንቲ ላደረገበት መታሰቢያ የቆመው ድንጋይ ሌላ ነው። ሆኖም ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሁለቱንም ሐሳብ አስገባለሁ፤ የእኔ «ይመለስ» ከላይ፣ የመዝገብ ከታች። ጋሼ ግንበኛው፣ ስለ ድንጋዩ ያለውን ክፍል እርስዎ ይጻፉልኝ።

ግንበኛው፦
እጽፋለሁ። ግን «አይነካ» ብዬ ነው የምጽፈው።