የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ የሚመለከት ምርምር በምን ይመዘን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በጨቅላ ሕፃናት የመተንፈስ ችግር ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ለአካዳሚክ እድገት ሲያመለክት፣ ጽሑፎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች የተጠቀሱበት ብዛት ዋነኛው መመዘኛ ሊሆን ይገባል? ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕፃናት ሐኪም፦
እኔ አይገባም ከሚሉት ወገን ነኝ። የኒውዚላንዱ ሐኪም ግርሃም ሊጊንስ ምጥ እንዴት እንደሚጀምር በበጎች ላይ ሲያጠኑ፣ ኮርቲኮስቴሮይድ የተባለው፣ ሳንባ ቶሎ እንዲዳብር የሚረዳ የሆርሞን መድኃኒት የተሰጠውና ያለ ጊዜው የተወለደ ግልገል በዚያ ዕድሜ ሊተነፍስ የማይገባው ሆኖ ሳለ ሳንባው በከፊል አየር ይዞ አገኙት። ከሮስ ሃዊ ጋር ሆነው ጥናቱን ወደ እናቶች አሻገሩና በ1972 ውጤቱን አሳተሙ። ምጥ ያለ ጊዜው ከጀመራቸውና ከዚሁ መድኃኒት ዓይነቶች አንዱን፣ ቤታሜታዞንን፣ ከተወጉት እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ካላገኙት እናቶች ከተወለዱት ግን 15 በመቶ ሞተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም መድኃኒቱ በስፋት እንዲሰጥ የባለሙያዎችን የጋራ ምክር ያወጣው ግን በ1994 ነው። በእነዚያ 22 ዓመታት ጽሑፉ ይጠቀስ ነበር፣ ሌሎች ጥናቶችም ደጋግመው አረጋግጠውት ነበር፤ መርፌው ግን ለአብዛኞቹ እናቶች አልደረሰም። ታዲያ የመጠቀሱ ብዛት የለካው ምንድን ነው?

ተመራማሪ፦
ዶክተር፣ መዘግየቱን እንደ እርስዎ አዝኜበታለሁ፤ ነገር ግን ጥፋቱ የጽሑፉ አይደለም። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ የእነዚህ ሕፃናት ሳንባ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ሰርፋክታንት የተሰኘው ንጥረ ነገር እንደሚጎድለው በ1959 ባያሳትሙና ሌሎች ያንን እየጠቀሱ ባይሄዱ ኖሮ፣ ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ በ1980 ለ10 ሕፃናት ከከብት ሳንባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት ሰጥተው ውጤቱን ለማሳየት ከየት ይነሡ ነበር? ወደ አገራችን እንምጣ። ከ2016 እስከ 2018 በአምስት ሆስፒታሎቻችን የተካሄደውና በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት 3852 ሕፃናት 1109ኙ መሞታቸውንና ከሟቾቹ 45 በመቶ ለሚሆኑት ዋናው ምክንያት ሳንባ ባለመዳበሩ የሚመጣው የመተንፈስ ችግር መሆኑን አሳይቷል። ዛሬ ሲፓፕ (አየር በአፍንጫ በግፊት እየሰጠ ሳንባ እንዳይከደን የሚያግዝ መሣሪያ) ይገዛልን ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም በእጁ የሚይዘው ማስረጃ ይህ ነው። ደግሞም ቁጥሩን ከኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ስናነሳው፣ በቦታው ትውውቅ እንዳይቀመጥ እሰጋለሁ።

የሕፃናት ሐኪም፦
የትውውቁን ስጋት እቀበላለሁ፤ እኔም ቁጥሩ ይጥፋ አላልኩም። ግን አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። በስድስት አገሮች ተካሂዶ በ2015 የታተመው ሰፊ ጥናት ይኸው የስቴሮይድ መርፌ በገጠርና በአነስተኛ ጤና ተቋማት ጭምር እንዲስፋፋ ሲደረግ፣ መርፌው ባልተስፋፋባቸው አካባቢዎች ከ1000 በሕይወት ከተወለዱት 23.9 የነበረው የጨቅላ ሕፃናት ሞት በተስፋፋባቸው 27.4 ሆኖ መገኘቱን ዘግቧል። የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል በማይታወቅበትና ሕፃኑን የሚንከባከብ ክፍል በሌለበት ቦታ ያው መድኃኒት ላያግዝ እንደሚችል የተማርነው ከዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረው ሌላ ጥናት ደግሞ በ2020፣ ዕድሜው በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ ዝግጅት ባላቸው ሆስፒታሎች ሲሰጥ፣ ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ እንደሚወርድ አሳይቷል። ሁለቱም ጽሑፎች በብዛት ይጠቀሳሉ፤ አንዱ «ቁሙ» ሌላው «እንዲህ ከሆነ ቀጥሉ» ይላል። ቁጥሩ ግን ሁለቱን አይለያቸውም። ልዩነቱን አንብቦ ለክፍሉ መመሪያ የሚያዘጋጀው፣ ነርሶቹን የሚያሠለጥነውና የሞት መዝገቡን በየወሩ የሚገመግመው ሐኪም ያን ሁሉ ሲሠራ ከርሞ ኮሚቴው ፊት ባዶ እጁን መቅረቡ ነው የሚያንገበግበኝ።

አዋላጅ ነርስ፦
ሁለታችሁም ስለ ታተመው ስትነጋገሩ እኔ ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በምሠራበት ጤና ጣቢያ በ32 ሳምንቷ ምጥ የጀመራት እናት የዚሁ ስቴሮይድ ሌላ ዓይነት የሆነውን ዴክሳሜታዞን የመጀመሪያውን መርፌ ተወግታ ወደ ሆስፒታል ተላከች። መርፌው በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ መሰጠት አለበት፤ እኛ ግን በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሰዓቱን አልጻፍንም ነበርና የተቀበሏት ባለሙያዎች መጀመሩን እንኳ ሳያውቁ ሌሊቱ አለፈ። ሕፃኑ ሲወለድ ያቃስት እንደነበርና ደረቱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደነበር አያቱ በኋላ ነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ሪፈር ወረቀት ግርጌ በማስመሪያ አንድ መስመር እናሰምራለን፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተሰጠበት ሰዓት፣ የሰጪው ፊርማ። ይህ ሐሳብ የአንዲት ባልደረባዬ ነው። የሚጠቅሳት ጽሑፍ የለም፤ በእድገት ፎርሙም ላይ የሚሞላበት ቦታ አላገኘንለትም።

ተመራማሪ፦
እህቴ፣ መስመሩን ማስመር ከመጀመራችሁ በፊትና በኋላ የተላኩት እናቶች መዝገብ በእጃችሁ አለ? ካለ፣ ሁለተኛው መርፌ በሰዓቱ የደረሳቸው ስንት እንደሆኑ ከሆስፒታሉ መዝገብ ጋር አስተያይተን እንቁጠር። ሥራው ከተጻፈም የመጀመሪያው ስም የባልደረባዎ ይሁን፤ እኔ በቆጠራውና በጽሑፉ አግዛለሁ።

አዋላጅ ነርስ፦
መዝገቡ አለ። የቆየው ጥራዝ ሽፋኑ ተቀዷል እንጂ ገጾቹ ሙሉ ናቸው። ከባልደረባዬ ጋር ተነጋግሬ፣ የኃላፊዎቻችንንም ፈቃድ ጠይቄ እመለሳለሁ።