የጣናን ውሃ ለመሣል ከማን ልማር?

ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ 29 ዓመቴ ነው፣ ሥዕል የጀመርኩት ዘንድሮ ነው። ጣናን ስሥል ሰማያዊ ብቻ ይሆንብኛል። ከአውሮፓ ሠዓሊዎች የማንን ሥራ ልይ? ረፍዶብኝስ ይሆን?

መልስ፦ ፈረንሳዊውን ሠዓሊ ሞኔን እይ። ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንሳይ ያለውን የሩዋን ከተማ ካቴድራል ከ30 ጊዜ በላይ ሥሎታል፤ ሕንፃው ያው ነው፣ የሚለዋወጠው ብርሃኑ ነው። አንተም አንድ ቦታ ምረጥና ጠዋት ታንኳዎቹ ሲወጡ፣ ቀትር ላይ፣ ከዚያ ፀሐይ ስትጠልቅ ያንኑ ውሃ ሣለው።

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ አልረፈደም! ቫን ጎግ ሠዓሊ ልሁን ያለው በ27 ዓመቱ ነው። በ37 ዓመቱ ሞተ፤ በዚያች 10 ዓመት ከ800 በላይ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ሠርቷል።

መልስ፦ ሞኔ ጥሩ ነው፣ ግን ዘጌ ተሻገርና የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎችም እይ። እኔ መስመር የተማርኩት እዚያ ቆሜ ነው።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። ነገ ማለዳ 12 ሰዓት ሐይቁ ዳር ነኝ።