የዎሎንጎንጉ ዊን ቴሌቪዥን የማን ነው? ታሪኩን የሚያውቅ አለ?

አዲስመጤ

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ነው ከሲድኒ ወደ ዎሎንጎንግ የመጣሁት። እዚያ ቻናል ናይንን በ9 ቁጥር ነበር የማየው። እዚህ ደግሞ ያው ፕሮግራም፣ ያው አቅራቢ፣ ያው የራግቢ ጨዋታ በ8 ቁጥር ይመጣል፤ ጥግ ላይ ግን የዊን ምልክት ተለጥፎበታል። ጎረቤቴን ብጠይቃቸው «ዊን የኛ ነው፣ የዚሁ አገር ልጅ ነው» አሉኝ። ሥራ ቦታ ያለች ልጅ ደግሞ «ዊን ማለት እኮ ቻናል ቴን ነው» ብላ ድርቅ አለች። ማንን ልመን? ራሱን የቻለ ጣቢያ ነው ወይስ የናይን ቅርንጫፍ? ከየት መጣ? የምታውቁ ጻፉልኝ፤ ቢረዝምም አልሰለችም።

ጋሽ ሬድዮ

ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ልጄ። እንዲያው ጊዜያቸው ነው የተለያየው።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ዊን የናይን ቅርንጫፍ አይደለም። የራሱ ባለቤት ያለው ድርጅት ነው፤ የናይንን ፕሮግራም በውል ተቀብሎ በገጠሩና በትናንሽ ከተሞች ያሰራጫል፣ በምላሹም ከማስታወቂያ ገቢው ግማሽ ገደማውን ለናይን ይሰጣል። ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ ይጥማል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

አውስትራሊያ ቴሌቪዥን ያየችው በ1956 ነው፣ እሱም ሲድኒና ሜልቦርን ላይ ብቻ። ከዋና ከተሞቹ ውጭ ያለው ሰው ዓመታት ጠበቀ። ዎሎንጎንግ የከሰልና የብረት ከተማ ናት፤ የፖርት ኬምብላ ብረት ፋብሪካ ከየአገሩ በመጣ ሠራተኛ ተሞልቶ ነበር። ደሞዝ ያለው ተመልካች አለ፣ ዕቃውን ማስተዋወቅ የሚፈልግ ነጋዴም አለ። ዊን-4 ማርች 18 ቀን 1962 ሥርጭት ጀመረ። ያቋቋመው ቴሌቪዥን ዎሎንጎንግ ትራንስሚሽንስ የሚባል ኩባንያ ነበር። ማሰራጫውን ናይትስ ሂል ተራራ ላይ ተከሉት።

ጣጣው ሲድኒ ቅርብ መሆኗ ነው። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ እኮ ናት። የሲድኒ ጣቢያዎች ምስል እዚህ ይገባል፣ የዚህም ምስል ተሻግሮ የሲድኒን ደቡባዊ ሰፈሮች ይነካል። የአሜሪካ ድራማና ፊልም መብት ደግሞ በሲድኒ ጣቢያዎች እጅ ነው። ታዲያ ተመልካቻቸውን ለሚሻማ ለምን ብለው ይሽጡ? ዊን ስቱዲዮ አለው፣ ማማ አለው፣ የሚያሳየው ነገር ግን ጠፋ። ብዙ ሳይቆይ ገንዘቡ መንጠፍ ጀመረ።

ይሄኔ ነው ሩፐርት መርዶክ ብቅ ያለው። ያኔ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ እሳት የላሰ ነጋዴ ነው። አዴሌድ ላይ ጋዜጣና ቻናል 9 አለው፣ ሲድኒ ላይም ጋዜጣ ገዝቷል። የሚያምረው የሲድኒ ቴሌቪዥን ነበር። በ1963 የሲድኒው ሦስተኛ የንግድ ፈቃድ ለሌላ ተሰጠ። በፊት ለፊት ሲዘጋበት በጓሮ ዞረ፦ ለመውደቅ የሚንገዳገደውን ዊንን ገዛ። ቀጥሎ አሜሪካ ሄዶ ፕሮግራም በጥቅል ሸመተና ሥርጭቱን ወደ ሲድኒ አዞራለሁ ብሎ አስፈራራ።

የሲድኒው ቻናል ናይን ባለቤት ፍራንክ ፓከር በቀላሉ የሚበገር ሰው አልነበረም። ሒሳቡን ሲያሰላው ግን መደራደር ይሻላል አለ። ለመርዶክ ከኩባንያው ሩብ ድርሻ ሸጠለት፣ መርዶክም ፕሮግራሙን አካፈለው፣ የዎሎንጎንግ ስጋት በዚሁ አበቃ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን ስለ ዎሎንጎንግ ያወራ ሰው የለም። ጣቢያው የከተማዋ ቢሆንም ዋጋው የተተመነው ሲድኒን ምን ያህል ያስጨንቃል በሚል ነው።

ምሰሶ

ጋሽዬ የነገሩህ የሞገድ መሻገር ነገር የተጋነነ እንዳይመስልህ። አንድ የቴክኒክ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው።

በድሮው አናሎግ ጊዜ አውስትራሊያ ቴሌቪዥን ስትጀምር ሌላው ዓለም ለኤፍ ኤም ሬድዮ የሚጠቀምበትን ሰፈር ቆርሳ ለቴሌቪዥን ሰጠችው። ቻናል 3፣ 4 እና 5 እዚያ ውስጥ ገቡ። ቻናል 4 የሚይዘው ከ94 እስከ 101 ሜጋኸርዝ ነው፣ ድምፁ የሚሄደው በ100.75 ላይ። ማለትም ተራ የኤፍ ኤም ሬድዮ 100.75 አካባቢ ብታደርገው የዊንን ድምፅ ትሰማለህ። ዜናውን ወጥ ቤት ሆኖ በሬድዮ መከታተል ይቻል ነበር።

በኋላ አገሪቱ ኤፍ ኤም ማስፋፋት ስትፈልግ እነዚህ ጣቢያዎች የጎን ውጋት ሆኑ። ዊንም ከ4 ተነስቶ ዩኤችኤፍ በሚባለው ከፍ ያለ የሞገድ ሰፈር ቻናል 59 ላይ ገባ። ሰው አዲስ አንቴና መግዛት ነበረበት።

ሰሎሜ የኢላዋራ

ጋሽዬ በታሪኩ አልከራከርዎትም፣ ድምዳሜዎ ላይ ግን እከራከራለሁ። ድሮ የአካባቢው ጣቢያ ነበር፣ ኋላ ትልልቆቹ በሉት የሚለው ለቅሶ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ናፍቆት።

አዲስመጤ፣ መሀሉን ልሙላልህ። በ1979 መርዶክ ሲድኒ ላይ የቻናል 10 ባለቤት ሆነ። ሕጉ አንድ ሰው ከሁለት በላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቆጣጠር አይፈቅድም ነበር፣ ስለዚህ ዊንን ሸጠው። የገዛው ብሩስ ጎርደን ነው። ሰውየው በወጣትነቱ መድረክ ላይ አስማት ያሳይ ነበር፣ በኋላ ፓራማውንት ገብቶ የአሜሪካ ፕሮግራሞችን ለዓለም ጣቢያዎች የሚሸጥ ትልቅ ሰው ሆነ። እስቲ አስበው፣ ፕሮግራም አጥቶ ሲንገዳገድ የነበረ ጣቢያ ፕሮግራም ሻጭ እጅ ገባ።

ያ ዘመን ለባለጣቢያዎቹ ወርቅ ነበር። እያንዳንዱ የገጠር አካባቢ አንድ የንግድ ጣቢያ ብቻ ነው ያለው፣ ከመንግሥቱ ኤቢሲ ሌላ ማለቴ ነው። ተወዳዳሪ የለም። ባለቤቱ ከናይን፣ ከሰቨንና ከቴን ደህና ደህናውን መርጦ ይገዛል፣ የቀረውን አንተ አታየውም። አለቀ። የሲድኒ ሰው ሦስት የንግድ ጣቢያ ሲያማርጥ ሁለት ሰዓት ርቆ ያለው ሰው አንድ ሰውዬ የመረጠለትን ይመለከታል። «የኛ ጣቢያ» የሚሉት አዛውንት ይሄን ረስተውታል።

የጠቅላይ ሚኒስትር ሆክ መንግሥት ይሄን ለውጦ አካባቢዎቹን አንድ ላይ አቀላቀላቸው። የደቡብ ኒው ሳውዝ ዌልስና የካንቤራው ማርች 31 ቀን 1989 ተጀመረ። ዎሎንጎንግ፣ ካንቤራ፣ ኦሬንጅና ዋጋ ዋጋ አንድ ገበያ ሆኑ፣ ሦስት ኩባንያዎች በሙሉ ቦታው ተወዳደሩ፣ እያንዳንዱም ከአንድ ትልቅ ኔትወርክ ጋር ተዋዋለ። ፕራይም ሰቨንን፣ ካፒታል ቴንን፣ ዊን ናይንን ያዙ። ተመልካቹ በአንዴ ሦስት ምርጫ አገኘ። ይሄ ክፉ ነው?

ዊንስ ቢሆን መች ተበላ? ራሱ ነው በላተኛ የሆነው። ኩዊንስላንድ ገባ፣ ቪክቶሪያ ገባ፣ ታዝማኒያ ገባ። በ1999 መርዶክ በወጣትነቱ የጀመረበትን የአዴሌዱን ቻናል 9 ገዛ፣ በ2007 ደግሞ የፐርዙን። ሁለቱንም በ2013 ለናይን ሸጣቸው።

አዲስመጤ

ኧረ በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ይጻፍልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ግን ልጅቷ ዊን ቴን ነው ያለችው ነገር አሁንም አልተፈታልኝም። ናይንን ከ1989 ጀምሮ ይዞ ከሆነ ቴን ከየት መጣ?

ጋሽ ሬድዮ

ከኢንተርኔት መጣ። ናይን በ2016 መጀመሪያ ላይ ሥርጭቱን በቀጥታ በስልክና በኮምፒውተር ማሳየት ጀመረ። ዎሎንጎንግ ያለ ሰው ዊንን ሳይነካ ናይንን ማየት ቻለ። ዊን «በዚህ አካባቢ የማሰራጨት መብት የኔ ብቻ ነው፣ ውሉ ፈረሰ» ብሎ ሲድኒ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ተረታ። ዳኛው በኢንተርኔት ማሳየት ውሉ ውስጥ የተከለከለው ዓይነት ሥርጭት አይደለም አሉ። ናይንም ቂም ይዞ ይሁን ትርፍ ዓይቶ ትቶት ሄደና ሳውዘርን ክሮስ ከሚባለው ሌላ የገጠር አሰራጭ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ዊን የቀረውን ቴንን ያዘ።

ጁላይ 1 ቀን 2016 ሰው ቴሌቪዥን ሲከፍት 8 ቁጥር ያው 8 ነው፣ ዊንም ያው ዊን ነው፣ ውስጡ ግን ቴን ሆኗል። ናይን 5 ቁጥር ላይ ተቀምጧል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ ኩባንያዎቹ ሲካሰሱ ተመልካቹ የሪሞት ቁልፍ ፍለጋ ገባ። አምስት ዓመት እንዲህ ቆይቶ ጁላይ 1 ቀን 2021 እንደገና ተገላበጠ፣ ናይን ወደ ዊን ተመለሰ። የሥራ ባልደረባህ እዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ቀርታለች።

መሀል ላይ አንድ ሌላ ነገርም ሆኗል። በ2017 ቻናል ቴን ሲከስር ሊገዙት የተነሱት ብሩስ ጎርደንና የመርዶክ ልጅ ላክላን ነበሩ፣ በአንድ ላይ። የአሜሪካው ሲቢኤስ ቀደማቸው። የጎርደን ኩባንያ ቢርኬቱ ደግሞ ከራሱ ከናይን ዋና ባለአክሲዮኖች አንዱ ሆኗል። አሁን ማን የማን ነው ብለህ ከጠየቅከኝ እኔም ወረቀትና እርሳስ ያስፈልገኛል።

ሰሎሜ፣ ምርጫ መጥቷል ያልሽው አይካድም። ግን ሦስቱ የመጡት ምርጫዎች ሦስቱም የሲድኒ ናቸው። ድሮ አንድ ጣቢያ ብቻውን ሆኖ ስለሚያተርፍ የራሱን የሕፃናት ፕሮግራም፣ የራሱን የስፖርት ፕሮግራም ለመሥራት አቅም ነበረው። ገበያው ለሦስት ሲከፈል መጀመሪያ የተቆረጠው እሱ ነው። የቀረው ዜና ብቻ ነው።

ሰሎሜ የኢላዋራ

ዜናውም ቢሆን በግድ ነው የቀረው፣ እዚህ ላይ እንስማማለን። በ2001 ፕራይም የካንቤራን፣ የኒውካስልንና የዎሎንጎንግን ዜና ዘጋ። ሌሎችም ዘጉ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ የነጥብ ደንብ አወጣ። አንድ ጣቢያ ለአንድ አካባቢ በሳምንት ቢያንስ 90 ነጥብ፣ በስድስት ሳምንት ደግሞ 720 ነጥብ የአካባቢ ይዘት ማቅረብ ነበረበት። የአካባቢ ዜና በደቂቃ 2 ነጥብ፣ ሌላው 1 ነጥብ ይቆጠር ነበር። ካልኩሌተር አያስፈልግም፦ 90 ነጥብ ማለት በሳምንት 45 ደቂቃ ዜና ነው። ስድስቱን ሳምንት አማካይ ብታወጣው ደግሞ ሰዓት ነው፣ በሳምንት አንዲት ሰዓት። ከመቶ ስልሳ ስምንት ሰዓት!

ደንቡ በኋላ ተሻሻለ፣ ግን ቁጥር ቁጥር ነው። ጣቢያ ቁጥሩን ለመሙላት አንባቢውን ሌላ ከተማ አስቀምጦ፣ ለየአካባቢው የተለያየ ዜና ቀድሞ ቀርጾ መላክ ይችላል። በ2019 ዊን የኦልበሪን፣ የዋጋ ዋጋን፣ የኦሬንጅና የዳቦ ከተሞችን፣ የዋይድ ቤይንም የዜና ክፍሎች ሲዘጋ ምክንያቱ ወጪና ገቢ አልተመጣጠነም የሚል ነበር። ኢላዋራ፣ ማለትም የእኛው የዎሎንጎንግ አካባቢ፣ አልተነካም። ዋናው መሥሪያ ቤት እዚህ ስለሆነ ይሆናል የሚል ግምት አለኝ።

ለዚህ ነው «ጣቢያው የዎሎንጎንግ አይደለም» የሚለውን የማልቀበለው። ለዋጋ ዋጋ ሰው ዊን ከሩቅ የመጣ ኩባንያ ነው። ለእኛ ግን ጎርፍ ሲመጣ፣ ቡላይ ያለው መንገድ ሲዘጋ፣ ካሜራ ይዞ የሚሮጠው ልጅ እዚሁ የሚኖር ነው። የባለቤቱ ሐሳብ ምንም ይሁን፣ የዜና ክፍሉ ሐሳብ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ሬድዮ

ይሄንን እቀበላለሁ። የዜና ክፍሉን ከባለአክሲዮኑ መለየት አለብን። ግን በጀቱን የሚይዘው ባለአክሲዮኑ መሆኑን አትርሺ፣ የኦልበሪ ልጆችም ካሜራ ነበራቸው።

አዲስመጤ

አሁን ገባኝ። ጎረቤቴ ያሉት እንዲሁ አልነበረም ማለት ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ለምሰሶ፦ ኮሪማል ነው ያለሁት። የሲድኒውን ናይን በአንቴና ማግኘት ይቻላል? ወይስ ከዊን ጋር መኖር ነው?

ምሰሶ

ቤትህ ይወስነዋል። ከሰሜኑ ሰፈሮች አንዳንዱ ቤት የሲድኒን ሞገድ ያገኛል፣ ተራራው የከለለው ግን አያገኝም። ጣሪያ ላይ ወጥተህ የጎረቤቶችህን አንቴና ወዴት እንደዞረ ተመልከት፣ እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ የሲድኒ ዲጂታል የሚመጣው ዝቅ ባለው የሞገድ ሰፈር በቪኤችኤፍ ነው፣ ረጃጅም ዘንግ ያለው አንቴና ይፈልጋል። የኢላዋራው በዩኤችኤፍ ነው፣ ከናይትስ ሂል ወይም ከብሮከርስ ኖዝ፣ አጫጭር ዘንግ ያለው ይበቃዋል። ሁለቱንም ከፈለግክ ሁለት አንቴና ወይም ሁለቱን የሚይዝ አንድ ግዛ፤ አቅጣጫቸው ስለሚለያይ እኔ ብሆን ሁለት እተክላለሁ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን እንደገና ስካን አድርገው። 9 ላይ ሲድኒ፣ 8 ላይ ዊን ይቀመጣሉ። የአካባቢ ዜና የምታገኘው ግን 8 ላይ ነው።