ልጁ ሲወለድ አላለቀሰም፤ የአእምሮ ጉዳት በደም ምርመራ ይታወቃል ወይ?

ጠያቂ (ጎንደር፣ አራዳ)፦ እህቴ ትናንት ማታ ወለደች። ምጡ በጣም ረዘመ፣ ልጁ ሲወጣ ድምፅ የለም። በአምቡ ባግ አየር እየሰጡ ነው ያስተነፈሱት። አሁን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኦክስጅን ላይ ነው፤ ጠዋት ተንቀጥቅጦ መድኃኒት ሰጥተውታል። ውጭ ያለችው አክስታችን ደግሞ «የአእምሮ ጉዳትን ቶሎ የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ፣ ኤስ100ቢ እና ጂኤፍኤፒ ይባላል፣ ብሩን እልካለሁ አሠሩለት» ብላ ስልክ አላስቀምጥ ብላናለች። ሐኪሙ እዚህ እንደማይሠራ ነግሮናል። ደሙን አዲስ አበባ እንላክ ወይስ ብር ማባከን ነው? የምታውቁ ንገሩን፣ ቤቱ ታምሷል።

ላብራቶሪ የምሠራ (ማራኪ)፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። አክስትህ ከመሬት ተነስታ አላወራችም። የአእምሮ ሴል ሲጎዳ ውስጡ ያለው ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል። ኤስ100ቢ እና ጂኤፍኤፒ በአብዛኛው የነርቭ ሴሎችን ከሚደግፉት ሴሎች ይወጣሉ፣ ኤንኤስኢ የሚባለው ከራሱ ከነርቭ ሴሉ። ግን ለጨቅላ ሕፃን አሁንም በዋናነት የጥናት ምርመራዎች ናቸው። «ከዚህ ቁጥር ካለፈ ተጎድቷል» የሚባል ሁሉም የተስማማበት ልክ የለም፤ ቁጥሩ ደሙ በተወሰደበት ሰዓት ይለያያል። ኤንኤስኢ ደግሞ ቀይ የደም ሴል ውስጥም አለ። የሕፃን ተረከዝ ተወግቶ ደሙ በግድ ሲጨመቅ ሴሉ ይፈነዳል፣ በማሽን ስናሽከረክረው ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ቀላ ይላል። ያኔ አእምሮው ደህና ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ሊሰቀል ይችላል። የእኔ ልጅ ቢሆን አልልክም።

የጨቅላ ክፍል ነርስ፦ እኔም አልልክም። ይልቅ ሐኪሙን ስኳሩ ስንት እንደሆነ፣ ካልሲየሙና ሶዲየሙ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁት። የስኳር ማነስ ብቻውን ያንቀጠቅጣል፣ አእምሮም ይጎዳል፣ ግን ቶሎ ከተደረሰበት ይታከማል። መንቀጥቀጥ ሲባል ደግሞ እጅና እግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓይኑን አንድ ቦታ ተክሎ ሲቀር፣ ከንፈሩን ሲያላምጥ፣ እግሩን ሳይክል እንደሚነዳ ሲያደርግ ካያችሁ ወዲያው ነርስ ጥሩ፣ ከቻላችሁ በስልክ ቅረፁት። አራሷ ወተቷን ትለብ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ በቱቦ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ ሳርናት (የአእምሮ ጉዳቱ ደረጃ) ስንት ተብሏል?

ጠያቂ፦ 2 ይላል። አክስቴ አሁን ደግሞ «ሕፃኑን የሚያቀዘቅዝ ማሽን ያለበት ሆስፒታል ውሰዱት» ጀምራለች 😩

ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም) ነኝ፦ ሳርናት ከ1976 ጀምሮ የምንጠቀምበት ደረጃ ነው። ንቃቱን፣ የጡንቻውን መላላት፣ ጡት መሳቡን ዓይተን ከ1 እስከ 3 እንመድበዋለን። 2 መካከለኛ ነው። በዚህ ደረጃ ጤነኛ ሆነው የሚያድጉ ብዙ አሉ፣ ችግር የሚቀርባቸውም አሉ። የትኛው እንደሚሆን ዛሬ ላይ ቁርጡን የሚነግርህ ደም የለም። ገና ሲወለድ ከእትብቱ የሚወሰድ ደም ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ከ7 በታች ከሆነ ክፉኛ መታፈኑን ያሳያል፣ አእምሮው ምን ያህል እንደተጎዳ ግን አይነግርህም። የአእምሮው ጉዳት እንዳይብስ የሕፃኑን ሰውነት ማቀዝቀዙ በተወለደ 6 ሰዓት ውስጥ ይጀመርና 33.5 ዲግሪ አካባቢ ለ72 ሰዓት ይቆያል። ሰዓቱ አልፏል። ደግሞም በ2021 የወጣ የሕንድ፣ የስሪላንካና የባንግላዴሽ ጥናት የቀዘቀዙት ሕፃናት ሞት እንደጨመረ እንጂ እንዳልቀነሰ ነው ያሳየው። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ብርድ ልብሱን እንዳይገፍ! ትኩሳትም ይጎዳዋል፣ ሙቀቱ ልክ ይሁን። ኦክስጅን ላይ ያለ ልጅ ይዞ መንገድ መውጣትም ቀልድ አይደለም። ሲረጋጋ ኤምአርአይ (የአእምሮ ምስል የሚያነሳ ማሽን) የሚገኝ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከ4ኛው ቀን በኋላ፣ መነሳቱ ከደም ቁጥሩ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የቆላድባዋ እናት፦ ልጄ፣ የኔም እንዲሁ ታፍኖ ነው የተወለደ። አክስትህን ብሩን አትመልስባት፣ ለመመላለሻ ያዝላት። ከሆስፒታል ሲወጣ «ዳነ» ብለው ቀጠሮ የሚተዉ አሉ። የጭንቅላቱ ዙሪያ በየጊዜው ይለካ፣ በ3 ወሩ አነቃነቁን ያዩለታል፣ አንገቱን መያዝ ከዘገየ ፊዚዮቴራፒ ቶሎ ይጀመርለት። እኛ በሰባት ወሩ ነው የጀመርን፣ ዘግይቷል አሉን። አሁን ቀኝ እጁ ትንሽ ይሰንፋል እንጂ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማ። ስኳሩን ጠየቅን፣ ወርዶ ነበር፣ ግሉኮስ ተሰጥቶት ተስተካክሏል አሉ። አክስቴ ይህን ሁሉ አንብባ «እሺ፣ የኤምአርአዩን ዋጋ ጠይቅና ንገረኝ» ብላለች።