ሜትፎርሚንና ፕሮባዮቲክ አብሮ መውሰድ የአንጀት ካንሰርን ይከላከላል እንዴ?

ታናሽ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ ሰዎች በደንብ አስረዱኝ። 44 ዓመቴ ነው። ስኳር ከተገኘብኝ አራት ዓመት ሆኖኛል፣ ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ታላቅ ወንድሜ በ52 ዓመቱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶበት አምና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ አሁን ኬሞ እየወሰደ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሰሞኑን ሜትፎርሚን ከፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎች ያሉበት እንክብል) ጋር ሲወሰድ ይህን ካንሰር ይከላከላል የሚል ጽሑፍ ሰው ላከልኝና በድንጋጤ እንክብሉን ገዛሁት። ገና አልጀመርኩትም። እውነት ነው? አብሮ መውሰዱስ ጉዳት አለው?

መድኃኒት ቤት፦
እህቴ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ሐሳቡ ዝም ብሎ የተፈጠረ አይደለም። ሜትፎርሚን ዋና ሥራው ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር መቀነስ ነው። ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ኤኤምፒኬ የሚባለውን ኢንዛይም ያነቃል፤ እሱ ሲነቃ ሕዋስ እንዲያድግና እንዲባዛ የሚያደርገው ኤምቶር የሚባለው መስመር ይዳከማል። ብዙ ካንሰሮች የሚያድጉት ይህንኑ መስመር ተጠቅመው ነው።

በሰው ላይም ተሞክሯል። ጃፓን ውስጥ ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ተቆርጦ የወጣላቸው፣ ስኳር የሌለባቸው 151 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ገሚሱ በቀን 250 ሚሊግራም ሜትፎርሚን፣ ገሚሱ መድኃኒት የሌለበት እንክብል ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለው ፖሊፕ፣ አዴኖማ የሚባለው፣ ሜትፎርሚን ከወሰዱት 30.6 በመቶው ላይ፣ ካልወሰዱት ግን 51.6 በመቶው ላይ ተገኘ። ደስ ይላል። ግን ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፣ የለካውም ፖሊፕን እንጂ ካንሰርን አይደለም። ይህን የምልሽ በምክንያት ነው፤ ለጡት ካንሰርም እንዲሁ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፣ 3,649 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ግን ዋናው ውጤት አልጠቀመም የሚል ሆነ።

ወደ ፕሮባዮቲኩ ስንመጣ፣ ሜትፎርሚን ራሱ አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ይለውጣል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ከምግብ አሰር ቡቲሬት የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት በዋናነት የሚመገቡት እሱን ነው። ፉሶባክቴሪየም የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ በተቃራኒው የካንሰሩ ዕጢ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ ሁለቱን ማጣመር ለተመራማሪ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሰው ካንሰር መከላከላቸው ግን አልተረጋገጠም። ሌላ ሕመም ከሌለብሽ አብሮ መውሰዱ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አደራ፣ ለወንድምሽ ግን እንዳታካፍዪው። ኬሞ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያወርድ ሕያው ባክቴሪያ ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ይወቅ።

ሁለት ፖሊፕ፦
ማንም አልጠየቀሽም እኮ፤ አንቺ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ) ታይተሻል ወይ?

እኔን 49 ዓመቴ ላይ ሚስቴ ጎትታ ወሰደችኝ። አያመኝም፣ ደም አላየሁም፣ ሆዴ ደህና ነበር። ሁለት ፖሊፕ ተገኘ፣ እዚያው ተኝቼ ሳለሁ ቆርጠው አወጡልኝ፣ በቃ። አንዱ አዴኖማ ነበር። ፖሊፕ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ያ ሁሉ ጊዜ ለእኛ የተሰጠ ነው። የትኛውም እንክብል ይህን አይተካም እህቴ።

ታናሽ እህት፦
አልታየሁም። 50 ዓመት ሲሞላ ነው ሲባል ስለሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነው። ደግሞ ሜትፎርሚኑ ሆዴን ያስቀምጠኛል፣ ፕሮባዮቲኩን የገዛሁት ለሱም ይረዳኛል ብዬ ነበር።

ነርስ ነኝ፦
እናቴ፣ 50 አትጠብቂ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ከ60 ዓመት በፊት በዚህ ካንሰር ከተያዘ፣ ብዙ መመሪያዎች በ40 ዓመት ወይም ዘመድሽ ከተያዘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብለሽ ጀምሪ ይላሉ፣ የሚቀድመው ይወሰዳል። ያንቺ 40 ላይ ነበር። ዓይነት ሁለት ስኳር ራሱም አደጋውን በመጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ በዚህ ወር ቀጠሮ ያዢ።

ሆድሽን ስለሚያስቸግርሽ፣ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ውሰጂው። ካልተሻለሽ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት እንዲያዝልሽ ሐኪምሽን ጠይቂው፣ ብዙ ሰው ይሻለዋል። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ስለሚቀንስ እሱንም አስመርመሪ። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ ወይም ሳታስቢው ከከሳሽ ግን ቀጠሮውን አትጠብቂ።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ ከምርመራው የሚከብደው ዋዜማው ነው። ቀኑን ሙሉ የጠራ ፈሳሽ ብቻ ነው የምትወስጂው፣ ከዚያ የሚያስቀምጥ መድኃኒት። ምርመራው ላይ ማደንዘዣ ስለሚሰጥሽ ብዙም አይታወቅሽም። ስኳር እንዳለብሽ ቀጠሮ ስትይዢ ንገሪያቸው፣ ጠዋት በመጀመሪያው ተራ ያስገቡሽ። በዋዜማውና በዕለቱ ሜትፎርሚኑን ማቆም ይኖርብሽ እንደሆነም ጠይቂ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም አያወርድም፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር እንክብል ከጨመርሽ ግን በባዶ ሆድ በጣም ሊወርድብሽ ይችላል።

ታናሽ እህት፦
አሁን ደወልኩ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት፣ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።