የጥናት ዕቅድ ውይይት፦ በገጠር ቀበሌዎች ማን ይመዘገባል፣ ማን ይመርጣል? (ረቂቅ 2)

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ «በሲዳማ ገጠር ወረዳዎች የመራጮች ተሳትፎ ለምን ይለያያል?» ብሎ ይነሳል። ወረዳዎቹ ከደጋው ሁላ፣ ከቡናው አካባቢ ዳሌ፣ ከቆላው ሎካ አባያ ናቸው። ሐዋሳ ላይ ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ሐሳባችሁን ጣሉበት።

የመረጃ ክፍል፦ ጥያቄው ራሱ ይለወጥ። ተሳትፎ የምንለው ድምፅ የሰጡት ለተመዘገቡት ሲካፈል ነው። ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይ በተባለበት በኅዳር 10 ቀን 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ ይህ ቁጥር ከ99 በመቶ በላይ ነበር። ጣራ በነካ ቁጥር ውስጥ የወረዳ ልዩነት መፈለግ ድካም ነው። ልዩነቱ ያለው ከመዝገቡ በፊት፣ ሳይመዘገብ የቀረው ሰው ዘንድ ነው። ዋናው መለኪያችን «ዕድሜው ከደረሰው ነዋሪ ስንቱ ተመዘገበ» ይሁን።

ፈተናው አካፋዩ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የሚጠራው ቁጥር በአብዛኛው ትንበያ ነው። ትንበያ ለክልል ቢያገለግልም ቀበሌ ላይ ሲወርድ ይስታል፣ በተለይ ወጣቱ በሚፈልስበትና ከተማ በሚጠጋው ቀበሌ። ምዝገባው ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ስታገኙ «ተጭበርብሯል» ከማለታችሁ በፊት አካፋዩን መርምሩ። ጠቅላላውን ሕዝብም አካፋይ አታድርጉ፤ ከገጠሩ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ 5,000 ሰው ያለው ቀበሌ 2,500 ገደማ መራጭ ቢኖረው ነው።

የመስክ አስተባባሪ፦ ልክ ነው ጋሼ። ለቤት ዝርዝር ጤና ኬላ ያለው የቤተሰብ ማኅደር ጥሩ መነሻ ነው። ወረዳው ደምሮ የሚሰጠንን ግን አንቀበል፤ ብዙ ጊዜ ከዚያው ትንበያ በመቶኛ ተሰልቶ የወጣ ነው። የምንወስደው የአባወራና የእማወራ ዝርዝር ብቻ ነው፣ የጤና መረጃ አንነካም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከቤት የራቀው ሰው ነው። አዋጅ 1162/2011 መራጭ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ እንዲሆን ይጠይቃል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ከዙሪያው ገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ተከራይተው ሐዋሳ እየኖሩ የቀበሌ መታወቂያቸው የትውልድ መንደራቸው ሊሆን ይችላል። ወላጅ ቤት ሄደን ብንቆጥራቸው «ወጣት ሴቶች አይመርጡም» የሚል ውጤት ይወጣል፤ እነሱ ግን የሉም። ስለዚህ በየቤቱ፦ እዚህ የሚኖረው ማን ነው? ትናንት ማታ ማን አደረ? 6 ወርና ከዚያ በላይ የራቀ አለ? የት? 6 ወርና ከዚያ በላይ የራቁት ለብቻ ይሰላሉ።

ዕድሜም አለ። ሰው ዕድሜውን ወደ 20፣ 25፣ 30 ያጠጋጋል። 20–24፣ 25–29 ብለን ብንከፍል የተጠጋጋው ሁሉ የክፍሉ መጀመሪያ ላይ ይከመራል። 18–22፣ 23–27፣ 28–32 ብንል ክብ ቁጥሩ መሐል ይውላል።

ገንዘብ ያዥ፦ 12 ቀበሌ፣ በየቀበሌው 40 ቤት፣ ከየቤቱ በዕጣ አንድ አዋቂ፤ 480 ሰው። ይህን የሚችል የነዳጅ በጀት አለን። የመረጃ ክፍል ለምን ወደ 24 ቀበሌ ይስፋ ይላል?

የመረጃ ክፍል፦ እህቴ፣ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ይመሳሰላሉ፤ ያው መንገድ፣ ያው ምርጫ ጣቢያ። የመመሳሰሉን መጠን 0.05 ብንገምት፣ በ40 ቤት ስሕተቱን የሚያሰፋው ቁጥር 1 + 39 × 0.05 = 2.95 ነው፤ 480ው ሰው ከየቦታው በዕጣ የተወሰዱ የ163 ሰዎችን ያህል ብቻ ይመዝናል። በ24 ቀበሌ 20 ቤት ብናደርገው 1.95 ይሆንና 246 ይመዝናል። ነዳጁ ይጨምራል፣ አውቃለሁ። ከተቸገርን ወረዳ እንቀንስ እንጂ ቀበሌ አንቀንስ።

አባል፦ ማን ማንን እንደመረጠስ? ጣቢያ ላይ ከሚለጠፈው ውጤት ጋር የሴቶችን ድርሻ ብናዛምድ?

የመረጃ ክፍል፦ ማዛመድ ብቻውን ያሳስታል። ሴት የበዛበት ጣቢያ አንድን ምልክት መረጠ ማለት ሴቶቹ መረጡት ማለት አይደለም። ወሰኑን ግን ማስላት ይቻላል። በአንድ ጣቢያ ድምፅ ከሰጡት 55 በመቶው ሴቶች ሆነው አንዱ ምልክት 80 በመቶ ካገኘ፣ ወንዶቹ በሙሉ ቢመርጡት እንኳ ከመቶው ድምፅ ቢያንስ 35ቱ ከሴቶች መጥቷል፤ ከሴቶቹ 64 በመቶው ማለት ነው። ምልክቱ 50 በመቶ ቢያገኝ ግን ከሴቶቹ የመረጡት ወሰን ከ9 እስከ 91 በመቶ ይለጠጣል፤ ያኔ ዝም ማለት ይሻላል። የሴቶቹ ድርሻ የሚገኘው መራጮች ከሚፈርሙበት መዝገብ ስለሆነ ምርጫ ቦርዱ ካልፈቀደ ይህ ክፍል ይቅር። ቤት ለቤትማ «ማንን መረጥክ?» ብለን አንጠይቅም፤ የቀበሌ ሰው አጠገብ ቆሞ እውነተኛ መልስ አይገኝም።

የመስክ አስተባባሪ፦ «መርጠሃል?» የሚለውም ይጋነናል። መጀመሪያ ጣቢያው የት እንደነበር፣ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ እንጠይቅ፤ ከዚያ «ያን ቀን ብዙ ሰው ሥራ ወይም ሕመም ያግደዋል፤ እርስዎስ?» እንበል። ሕዝበ ውሳኔው የቡና ለቀማ ወቅት ላይ ነበር፣ የሰኔ 14 ቀን 2013ቱ ምርጫ ክረምት መግቢያ ላይ። ለዳሌና ለሁላ ትርጉሙ አንድ አይደለም፤ ሁለቱን ቀኖች ለየብቻ እንጠይቅ።

ጸሐፊ፦ መልካም። ሦስቱ ወረዳዎች ይቆዩ፣ በየወረዳው 8 ቀበሌ፣ በየቀበሌው 20 ቤት። የመዝገብ ጥያቄው ደብዳቤ ዛሬ ለቦርዱ ይዘጋጅ። ገንዘብ ያዥ የ24ቱን ቀበሌ የነዳጅ ሒሳብ ትስጠን፤ ካልበቃ ሎካ አባያን ወይስ ሁላን እንደምናስቀር በዚያ እንነጋገር።