የዲአርኤም ቋሚዎች፦ በ«ዲፋይን» ይቆዩ ወይስ ወደ «ኢነም» ይዙሩ?

ደንገል፦ ቅዳሜ ባሕር ዳር ስንገናኝ ፓቹን (የምንልከውን የኮድ ለውጥ) ስለምናዘጋጅ ክርክሩን እዚሁ እንጨርሰው። የሊኑክስ ኬርነል የግራፊክስ ክፍል (ዲአርኤም) ለፕሮግራሞች በሚሰጠው ሄደር (ስሞችና ቁጥሮች የሚታወጁበት ፋይል) ውስጥ «ካፕ» የሚባሉ ቋሚዎች አሉ፤ ሾፌሩ ምን እንደሚችል የሚጠየቀው በነሱ ነው። ሁሉም በዲፋይን (ስሙ በቁጥር ይተካ በሚል መስመር) የተጻፉ ናቸው። ማብራሪያ ስንጽፍላቸው በዚያው ወደ ኢነም (ቁጥር የተሰጣቸው ስሞች ዝርዝር) እንቀይራቸው?

ፖሊ፦ ይቀየሩ እንጂ! ኢነም ከሆኑ ሰነዱ ላይ አንድ ርዕስ ሥር ተሰብስበው ይወጣሉ፤ ዲበገሩም (የስሕተት መፈለጊያው) ባዶ ቁጥር ከሚያሳይ ስሙን ያሳያል። ቁጥሩ እንደሆነ አይነካም፤ ትናንት ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ምን ይሆናል?

ፔዳ፦ የትናንቱ ምንም አይሆንም፣ ችግሩ ነገ ኮምፓይል የሚደረገው ላይ ነው። ብዙ ፕሮግራም በአሮጌ ሄደርም እንዲሠራ «ይህ ስም ካለ» ብሎ በኢፍዴፍ ይጠይቃል። ኢፍዴፍ የሚያየው ማክሮን (በዲፋይን የተጻፈን ስም) ብቻ ስለሆነ ኢነም የሆነውን ስም «የለም» ይለዋል፤ ኮዱ ይዘለላል፣ ኮምፓይለሩም ትንፍሽ አይልም። «ስሙ ከሌለ ራሴ ልተርጉመው» የሚልም አለ። ያ ትርጓሜ ከሄደሩ ቀድሞ ከመጣ ኢነሙ ውስጥ ያለው ስም በቁጥር ይተካና «16 እኩል 16» የሚል መስመር ይፈጠራል፤ ኮምፓይሉ እዚያው ይቆማል። ይኼኛው እንኳ ይሻላል፣ ቢያንስ ይታያል።

ፖሊ፦ ለሱማ መላ አለው እህቴ። ከእያንዳንዱ የኢነም ስም ሥር ስሙን በራሱ ስም ዲፋይን ማድረግ። የጂሊብሲ (የሲ ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ) የኔትወርክ ሄደር የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥሮችን የያዘው እንዲህ ነው።

ፔዳ፦ ኢፍዴፍን ያሳልፍልሃል፣ ኢፍን ግን አያሳልፍልህም። አንድ ሰው በፕሪፕሮሰሰር (ኮዱን ከኮምፓይል በፊት በሚያዘጋጀው) «ይህ ቋሚ 16 ከሆነ» ብሎ ቢያወዳድር ማክሮው ተፈትቶ ያው ስሙ ይሆናል፤ ፕሪፕሮሰሰሩ ደግሞ የማያውቀውን ስም ዜሮ ነው የሚለው።

ዘንባባ፦ አቆጣጠሩንስ አያችሁት? ካፖቹ ከ1 ጀምረው እስከ 9 (የከርሰር ቁመት) በተርታ ይሄዳሉ። ቀጣዩ «አድኤፍቢ2 ሞዲፋየርስ» ግን በሄክሳ 10 ነው፣ በእኛ ቁጥር 16። መሀሉ ባዶ ነው። አንድ ሰው «ለማሳመር» ቁጥሮቹን አጥፍቶ ኢነሙ ራሱ እንዲቆጥር ቢተወው 10 ይሰጠዋል፤ ኬርነሉም እንዲህ ያለ ካፕ አላውቅም ብሎ ኢንቫል (ልክ ያልሆነ ጥያቄ የሚል ስሕተት) ይመልሳል።

ፖሊ፦ እሺ፣ ለካፖቹ ተረታሁ። ምስሉ ሜሞሪ ላይ እንዴት እንደተደረደረ የሚናገሩት ሞዲፋየሮቹስ?

ፔዳ፦ እነሱማ ጭራሽ አይሆኑም። ባለ 64 ቢት ናቸው፣ የአምራቹ መለያ ላይኛው 8 ቢት ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲ23 ከተባለው ስሪት በፊት ባለው የሲ ቋንቋ የኢነም ቋሚ ኢንት በሚባለው አነስተኛ የቁጥር ዓይነት ውስጥ መግባት አለበት።

ዘንባባ፦ እንግዲያው ዲፋይኑን ሳንነካ ኮሜንቱን ከላዩ እናስቀምጥ፦ በሁለት ኮከብ ይከፈት፣ ስሙ፣ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ማብራሪያው። ጉልበታችንን የሚፈልገው ጽሑፉ ነው። በሾፌሮች መካከል በፈር መጋራትን የሚጠይቀውን ካፕ «ፕራይም»ን ውሰዱ፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ሳይሆን ቢትማስክ (እያንዳንዱ ቢት የራሱ ትርጉም ያለው ቁጥር) ነው፦ 1 ማስገባት፣ 2 ማስወጣት። ከኬርነል 6.6 ወዲህ ሁለቱም ሁልጊዜ ስለሚታወጁ መልሱ 3 ነው። «1 ከሆነ» ብሎ የሚያወዳድር ፕሮግራም ባዶውን ይመለሳል። ኮሜንቱ ይህን ካላለ ምን ሊረባ ተጻፈ?

ደንገል፦ ፍተሻውስ?

ዘንባባ፦ መጀመሪያ የኬርነል ዶክ ስክሪፕቱን ያለ ውጤት ማስጠንቀቂያ ብቻ እንዲያወጣ አድርጋችሁ ሄደሩ ላይ አስኪዱት። ቀጥሎ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ የሄደሩን የማክሮ ዝርዝር ከለውጡ በፊትና በኋላ ያውጣ፤ ሁለቱን ደርድራችሁ በዲፍ አስተያዩ። አንድ መስመር እንኳ ከወጣ ፓቹ አይላክም።

ፖሊ፦ ወደፊት የሚጨመሩት ግን ከመነሻው ኢነም ይሁኑ፤ አሮጌ ኮድ የላቸውም።

ፔዳ፦ አሮጌ ሄደር ግን አላቸው። አዲሱን ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ከዓመት በፊት በነበረው ሄደር ላይም መገንባት አለበት፤ በምን ይጠይቅ?

ፖሊ፦ የግንባታ መሣሪያው ሜሰን ስሙን ሄደሩ ውስጥ ፈልጎ ያረጋግጥለታል። ማክሮም ይሁን ኢነም ያገኘዋል።

ፔዳ፦ ሜሰን ለሚጠቀመው። በተራ ሜክፋይል (በእጅ በተጻፈ የግንባታ ፋይል) ላይ ላለው ቅዳሜ መልስ ይዘህ ና።